አቶ ጥቂቱና የውድድር መኪናው

ሥራ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። «በኛ ሰፈር የለም» የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አጥሩ እስከ ወገቡ ቀለም ተቀብቷል፣ ከወገቡ በላይ ያለው ተራውን እየጠበቀ ነው። ግቢው ውስጥ በሸራ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ነገር አለ። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ያሉት እንደሆነ ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ስለጠየቁት ደስ ይለዋል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ምን ቀረው! ጥቂት ነው» ይላል። ያቺ ጥቂት ግን ከዓመት ዓመት እዚያው ናት።

አንዲት ልብስ ሰፊ ይህን ሰው አግብታዋለች።

የሰፈሩ ሰው «አቶ ጥቂቱ» ነው የሚለው። በወግ ሲጠራ ደግሞ «ክቡር አቶ ጥቂቱ፣ የጅምሮች ሁሉ አባት» ነው፤ ይህን ማዕረግ የሰጠችው ሚስቱ ስትሆን፣ ማዕረጉ የተሰጠውም የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ፈታትቶ፣ መፍቻውን ገንዳው ውስጥ ትቶ ሥራ የሄደ ዕለት ነው። ክብርነታቸው በዚህ ቅር ስለማይሰኙ እኛም ከዚህ በኋላ «አንተ» እንላቸዋለን፤ ሚስታቸውም እንደዚያው ነው የምትላቸው።

የተዋወቁት ራሱ በጅምር ነው። ያኔ መንገድ ዳር ትንሽ ክፍል ተከራይታ ትሰፋ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ሱሪ ይዞ ገባ። የግራ እግሩ ጠርዝ በደንብ ታጥፎ ተሰፍቷል፣ የቀኙ በቀጭን ሽቦ ተይዟል። «ማን ነው የሰፋው?» አለችው። «እኔ ነኝ» አለ ኮራ ብሎ፣ «ጥቂት ነው የቀረው፤ አንድ እግር ብቻ።» ሳቀች። ጉድ የሠራት ያ ሳቋ ነው።

እሷ ቀሚስ ለቅዳሜ ብላ ከተቀበለች ለቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ማታ ቁልፉ ተተክሎ፣ ተተኩሶ፣ መስቀያ ላይ ውሏል። እሱ ቤት ውስጥ ግን የወጥ ቤቱ ቁምሳጥን በር በሦስት ብሎን ተንጠልጥሎ አምስት ዓመቱ ነው፤ አራተኛው ብሎን ሲኒ ውስጥ ተቀምጧል። የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ስለሌለው የሚከፈተው በማንኪያ ነው። እንግዳ ሲያድር ውሃውና ፎጣው ከተሰጠው በኋላ ማንኪያው የት እንዳለ ይነገረዋል።

ሰነፍ ነው እንዳትሉት። ሰነፍ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። አቶ ጥቂቱ አሥራ አንድ ዓመት የአንድ የመኪና ውድድር ክለብ መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ሞተር በጆሮው ብቻ ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ ይነግርሃል። ክለቡ ሲፈርስ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። የመጨረሻዋን፣ ግጭት ደርሶባት ሞተሯ የተበታተነባትን፣ «አንተ ውሰዳት፤ ካንተ ሌላ የሚያውቃት የለም» ብለው ሰጡት። እሱም በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣትና ሚስቱ ለስፌት ክፍል ይሁነኝ ስትለው የነበረው መጋዘን ውስጥ አስገባት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አልጋው አጠገብ እንዳቆመች ቀረች።

«ለመንገድ እንድትሆን አደርጋታለሁ» አላት ያን ዕለት። «ሰሌዳ ታወጣለች። እኔና አንቺ እንሄድባታለን።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«ጥቂት ነው። ሁለት ወር።»

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ።

መቼም ሰው መኪና ሲነካካ ፍጥነት ልጨምርላት ብሎ ነው። የአቶ ጥቂቱ ሥራ ግን የዚያ ግልባጭ ነበር፤ ስትሮጥ የኖረችን መኪና መራመድ ማስተማር። ስትመጣ ክላክስ የላትም፣ ፍሬቻ የላትም፣ ስፖኪዮ የላትም፣ ቁልፍም የላትም፤ አንድ ቀይ መጫኛ ነው ያላት። ሹፌሩ የሚገባበት ቦታ ከመጥበቡ የተነሳ መሪው ተነቅሎ ይወጣል፤ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ መልሶ ይሰካዋል። ሞተሯ ሲነሳ የልብስ ሰፊዋ መርፌዎች ከቆርቆሮው እየዘለሉ ይወጡ ነበር። ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ሦስት ጊዜ አጥር ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ሰላም ነው?» አሉ፤ በአራተኛው ጆሯቸውን ጥጥ ወትፈው መጡ።

ወንበሯም አንድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልብስ ሰፊዋ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ «እኔስ የት ነው የምቀመጠው?» አለችው። መኪናዋን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ መኪናዋን አየ። «እኔና አንቺ እንሄድባታለን» ላለው ሰው ለሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር በሐሳቡ አልመጣለትም ነበር። አንድ ዓመት ፈጅቶ ሁለተኛ ወንበር ገጠመላት። ልባሱን ራሷ ሰፋችው፤ በሦስት ቀን።

በዚያ ከተማ ለውድድር የተሠራ መኪና ለመንገድ ይፈቀድልኝ ሲባል ምርመራ ጣቢያ የሚቀርበው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ከወደቀ ፋይሉ ለዘለዓለም ይዘጋል፤ ሰሌዳ የሚባል ነገር አይታሰብም። አቶ ጥቂቱ መጀመሪያ የቀረበ ጊዜ ሁሉ ነገር ደህና ሄዶ ነበር። ከመኪናው ወርዶ መርማሪውን ሊጨብጥ ሲል ግን በቀኝ እጁ መሪውን ይዟል። አሥራ አንድ ዓመት ያየው ልማድ ነው፤ ከመኪና የወረደ ሰው መሪውን ነቅሎ ይወርዳል። መርማሪው፣ ጢማቸው የሸበተ ረጋ ያሉ ሰው፣ መሪውን በግራ እጃቸው ተቀበሉና «ወድቋል» ብለው ጻፉ። በሁለተኛው የጣሏት በድምፅዋ ነው። ከዚያ ወዲህ መሪውን በብሎን አሰረው፤ ሁለት ማርሚታ በተከታታይ ገጥሞም ድምፅዋን ዝቅ አደረገው።

ለሦስተኛው ቀጠሮ የተሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ለአንድ ቀን፣ ያውም እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ ባልና ሚስት ምሳ እየበሉ ሳለ አቶ ጥቂቱ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዛሬ የምነግርሽን ያዢ» አለ። «ከወደቀች በገዛ እጄ በታትኜ እሸኛታለሁ። መጋዘኑም ያንቺ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስትጠብቅ የኖረች ሴት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ሲናገር ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነበር፤ ድምፁም የሱ አይመስልም። አንጀቷን በላው። «ብላ እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ክር ፍለጋ መጋዘን ገባች። መደርደሪያው ላይ፣ ከቀለም ጣሳ ኋላ፣ አንድ ሰማያዊ ካርቶን አየች። ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ለልደቱ ራሷ የሰጠችው የፍሬን ሸራ ነው፤ ለመንገድ መኪና የሚሆን። ያን ጊዜ አንድ ምሽት ሙሉ ስለ ፍሬን ሲያስረዳት፣ የውድድር ሸራ እስኪግል ድረስ ዲስኩን እንደማይዝ፣ ሲግል ግን እንደ ግድግዳ እንደሚያቆም ነግሯት ነበር። «ታዲያ ጠዋት ከቤት ስንወጣስ?» አለችው። «ለመንገድ ሌላ ነው የሚገባላት» አላት። በነጋታው ሄዳ ገዛችለት። ካርቶኑን ስሞ «ነገ አስገባዋለሁ» አለ። ባለፈው ወር ስትጠይቀው «ገብቷል» ብሏታል።

ካርቶኑን አነሳችው። ባዶ ካርቶን አይከብድም፤ ይህ ይከብዳል።

ልትጠራው አፏን ስትከፍት እሱ ራሱ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፣ ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦት ወረቀት ለጥፎበታል። «እንዴት ነኝ?» አላት። ለሠርጋቸው እንኳ እንደዚያ አልለበሰም። ካርቶኑን ከኋላዋ ደብቃ «አምሮብሃል» አለችው። መንገድ ላይ እጠይቀዋለሁ ብላ ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መንገድ ላይ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አላገኘችም። ከቤታቸው የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ታች መስቀለኛው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይሻገራል። መኪናዋ ለስለስ ባለ ድምፅ ከግቢ ወጣች። አስተማሪው አጥር ላይ ሆነው አጨበጨቡ። ቁልቁለቱን ግማሽ እንደወረዱ ልብስ ሰፊዋ የባሏን እግር አየች። ፍሬኑን ረግጧል። መኪናዋ ግን እንዳልተነገራት ሰው ቁልቁል መንደርደሯን ቀጥላለች።

«አንተ» አለች።

እሱ በደንብ ረገጠ። ማርሹን አወረደ፤ ሞተሩ አጓራ። ታች አንድ ዳቦ የጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸውና ባለበት ደርቆ ቀረ። አንዲት ሴት የሕፃን ልጅ እጅ ይዛ ከጋሪው ኋላ ብቅ አለች፤ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰች። አቶ ጥቂቱ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የኋላ ጎማዎቹ ጮኹ፤ መኪናዋ ዳሌዋን ወደ ጎን ጣል አድርጋ፣ ከጋሪው ጎማ አንድ እርምጃ ላይ ቆመች። አንድ ዳቦ ከጋሪው ወድቆ ኮፈኑ ላይ አረፈ።

ጋሪ ገፊው ዳቦውን አነሳ፤ በእጅጌው ጠረገው። «ወንድሜ፣ ፍሬን የለህም እንዴ?»

«አላት» አለ አቶ ጥቂቱ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ጥቂት እስኪሞቅ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። መስቀለኛውን አልፈው ሜዳው መንገድ ላይ ሲገቡ ወደ ባሏ ዞረች።

«ገብቷል አላልከኝም?»

«ከምርመራው በኋላ አስገባዋለሁ። ነገ። በማለዳ።»

«ነገ» አለች።

«ስሚኝ እስቲ። ፍሬኑን እየረገጥኩ እያሞቅሁ ነው የምሄደው። ሲሞቅ ችግር የለውም፤ መመርመሪያው ላይ አንደኛ ነው የምትወጣው። አንቺ ብቻ እዚያ ምንም እንዳትናገሪ።»

«ምን አውቄ እናገራለሁ እኔ?» አለችው። አለማወቁንስ በወደደች፤ ስድስት ዓመት በግድግዳ ማዶ ስትሰማ ኖራለች።

ምርመራ ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ ከፊታቸው ሁለት የጭነት መኪናና አንድ አውቶቡስ ቆመዋል። አቶ ጥቂቱ መቆም አልቻለም። ከቆመ ፍሬኑ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሰልፉ ውስጥ ሆኖ አንድ ክንድ ወደፊት ይሄድና ይረግጣል፣ አንድ ክንድ ወደኋላ ይመለስና ይረግጣል። ከኋላው የተሰለፈ የታክሲ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ሰውዬ፣ እየደነስክ ነው ወይስ እየተሰለፍክ?» አለው። የሚቃጠል ብረት ይሸታል። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት አረጠበው። ልብስ ሰፊዋ መሐረብ ሰጠችው፤ ሳያያት ተቀበላት።

ተራቸው ሲደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሽበታሙ መርማሪ ፋይሉን በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ዛሬ መሪው የት ነው?»

«ቦታው ላይ ነው ጌታዬ። በብሎን አስሬዋለሁ።»

«ደግ።» እርሳሳቸውን አወጡ። መብራት። ፍሬቻ። ክላክስ። ስፖኪዮ። የዝናብ መጥረጊያ። በእያንዳንዱ ላይ ጭረት ያደርጋሉ፤ ጭረት ባደረጉ ቁጥር አቶ ጥቂቱ ምራቁን ይውጣል። ድምፅ መለኪያውን ከኋላ አስጠግተው ጥቂት ቆዩ፣ አነበቡ፣ ጭረት አደረጉ። ሁለተኛው ወንበር ጋ ሲደርሱ ልባሱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«እጅሽ ጥሩ ነው።»

በመጨረሻ መኪናዋ ጎማ በሚያሽከረክሩት ብረቶች ላይ ወጣች። አቶ ጥቂቱ ረገጠ። የጠቋሚው ዘንግ ሽቅብ ተወርውሮ ከአረንጓዴው መስመር በላይ ቆመ። መርማሪው ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ጭረታቸውን አደረጉ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለችው ጠረጴዛ ሄደው ቁጭ አሉና የማኅተሙን ቀለም ከፈቱ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «በኔ በኩል አየሁ። የቀረ ነገር የለም? አልቋል?»

አቶ ጥቂቱ ክራቫቱን አስተካከለ። ልብስ ሰፊዋ ባሏን በጎን አየችው። ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ በሕይወቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም፣ ሰፈሩም፣ ጥጥ የወተፉት አስተማሪም በቃላቸው ያውቁታል። እሱ ግን አፉን ከፈተና፣ «አልቋል» አለ።

ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ለዚህ ቃል ብላ አልጋዋ አጠገብ ስትሰፋ ኖራለች፣ በማንኪያ በር ስትከፍት ኖራለች። መጣ፤ ሲመጣም ውሸት ሆኖ መጣ። ማኅተሙ ቀለሙ ላይ አረፈ፣ ተነሳ። ብትናገር ፋይሉ ይዘጋል፤ ባሏ ነገ መፍቻውን ይዞ መጋዘን ይገባል፣ ስድስት ዓመቱን ብሎን በብሎን ይፈታል። ባትናገር ነገ ጠዋት ቁልቁለቱ አለ፣ ጋሪው አለ፣ ያቺ የልጅ እጅ የያዘች ሴት አለች። እሱም አለ።

«ጥቂት ቀርቶታል» አለች።

ማኅተሙ አየር ላይ ቆመ። መርማሪው አዩዋት። ባሏ አላያትም፤ ግድግዳውን ነው ያየው።

«ምንድን ነው የቀረው?»

«ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ አይዝም። ሲሞቅ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሰው ልንገጭ ነበር።»

ውጭ የታክሲ ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። መርማሪው ማኅተሙን ቀስ ብለው የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ መለሱት።

«እንግዲያው ይቀዝቅዝና እንየዋ» አሉ።

ሦስቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ መርማሪው መሐል፣ ባልና ሚስት ዳርና ዳር። ብረት ሲቀዘቅዝ የሚጠብቅ ሰው ምን ይነጋገራል? መኪናዋ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ እያሰማች ትበርዳለች። መርማሪው በየጥቂት ደቂቃው ተነስተው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ዲስኩን ይነኩና ይመለሳሉ። አቶ ጥቂቱ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሐል ወትፎ መሬት መሬት ያያል። ልብስ ሰፊዋ ምነው ምላሴን በቆረጠው ትላለች በልቧ፤ ደግሞ ያ ጋሪ ፊቷ ላይ ድቅን ይላል።

መልሰው ብረቶቹ ላይ አወጧት። አቶ ጥቂቱ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ዘንጉ ትንሽ ነቅነቅ አለና ቀዩ ላይ ተኛ።

መርማሪው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። አምስት ሰዓት ከሩብ።

«እኔ ማኅተም ካሳረፍኩ ወይ አልፏል ወይ ወድቋል ነው፤ መሐል የለውም» አሉ። «እስካሁን አላሳረፍኩም። ፈቃዱ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ሸራ ካለህ ቀይር። ከሌለህ ግን...»

«ቤት ነው ያለው» አለ አቶ ጥቂቱ። «መደርደሪያ ላይ። አይደረስም።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፈተች። መቀስ አወጣች፣ ሜትር አወጣች፣ መሐረብ አወጣች፤ ከዚያ ሰማያዊውን ካርቶን አውጥታ አግዳሚው ላይ፣ በሱና በመርማሪው መሐል አስቀመጠችው። መርማሪው ካርቶኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «መኪና ማንሻው ክሪክ ጥግ ላይ አለ» አሉና ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

እንግዲህ በስድስት ዓመት አንድ ነገር ያልጨረሰ ሰው በአርባ አምስት ደቂቃ ሊጨርስ ነው። ኮቱን አውልቆ ወረወረ። ክሪኩን ሰካ። የግራው ጎማ ወጣ። እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ፣ ሳይናገር፣ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ መዳፉ ላይ አረፈ። ዞር ብሎ ሚስቱን አየ። ስንት ቁጥር እንደሚፈልግ አልነገራትም ነበር፤ እሷ ግን በግድግዳ ማዶ ሆና «አሥራ ሰባቷ የት ገባች!» ሲል ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ፒኑን መታ፣ አወጣ። ፒንሳ ዘረጋችለት። አሮጌው ሸራ ወጣ፤ ከሰል የመሰለ፣ ጠርዙ የተበላ። እዚያ ላይ ቆመ።

«የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈችው በዚህ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የገጠምኩላት። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ይህን ነበር የማየው።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ኪስህ ውስጥ ክተተውና ቀጥል።»

ከተተው፤ ነጭ ሸሚዙን የሚያጠቁረውን ነገር ኪሱ ውስጥ ከተተ። አዲሱን ሸራ አነሳ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ጥቂት ሞረድ ብናደርገው...»

«አንተ።»

«እሺ» አለና አስገባው።

ሁለተኛው ጎማ አልወጣ አለ፤ ብሎኑ ነከሰ። መፍቻው ላይ በሁለት እግሩ ቆመበት፤ እሷም ትከሻውን ይዛ አብራው ተጫነች፤ ከነነፍሳቸው ሊወድቁ ሲሉ ብሎኑ ተንጫርሮ ላላ። ሰዓቱ ሃያ ጉዳይ ይላል፣ አሥራ አምስት ጉዳይ ይላል። ጎማዎቹ ተመለሱ። «ግቢና ርገጪልኝ» አላት። የሹፌሩ ወንበር ላይ ገባች፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ስትረግጥ እግሯ ያለ ምንም እምቢታ ወለል ድረስ ወረደና ክው አለች። «አትደንግጪ፤ እንደዚያ ነው። ልቀቂ። ርገጪ። ልቀቂ።» ረገጠች፣ ለቀቀች። በአምስተኛው ከእግሯ ሥር የሆነ ነገር ጠንከር አለ፤ በስምንተኛው እንደ ድንጋይ ሆነ። «ያዘ» አለች። እሱም «ያዘ» አለ፤ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ሲያያት ነበር።

ግቢውን አራት ጊዜ በዝግታ ዞሩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ብረቶቹ ላይ ወጡ፤ መርማሪው ሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ረገጠ። ዘንጉ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፤ አረንጓዴው መስመር ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ ከዚያ ትንሽ አለፈውና እዚያ ቀረ። መርማሪው ማኅተሙን አሳረፉ። ፋይሉን ሲሰጡ ለባሏ አይደለም የሰጡት፣ ለሷ ነው።

ወደ ቤት ተመለሱ። በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

«ብትናገሪስ ለኔ አትናገሪም ነበር?»

«ሦስት ዓመት ነገርኩህ እኮ።»

«በጣም ነው የከፋኝ» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም በጣም ነው የፈራሁት። ቢከፋህ ይሻለኛል።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ከሷ ይልቅ ለመሪው የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «አለቀች በቃ» አለ።

በማግሥቱ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ፤ መኪናዋ መስቀለኛው ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ቆመች፤ ጋሪ ገፊው እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ስለምትቆም መጋዘኑ ተጠረገ፣ የስፌት መኪናው ገባ። አቶ ጥቂቱ ከሥራ ሲመለስ ግን የሚገባበት አጣ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ማክሰኞ ሲኒ ውስጥ ያለውን አራተኛ ብሎን አውጥቶ የቁምሳጥኑን በር አሰረው። ረቡዕ ለመኝታ ቤቱ እጀታ ገጠመለት፤ ልብስ ሰፊዋ ሌሊት በልማዷ ማንኪያ ስትፈልግ ቆየች። ሐሙስ አጥሩን ከወገቡ በላይ ቀለም ቀባው። ዓርብ ምንም የቀረ ነገር አልነበረም፤ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቁጭ አለ። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። የጎረቤት አስተማሪ እንኳ አጥር ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ሰላም ነው?» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች።

«አንተ» አለችው ከበሩ፣ «በኔ በኩል ያለው ወንበር ወደ ግራ ያዘነብላል ልበል?»

ቀና አለ። «ያዘነብላል?»

«ጥቂት።»

ተነሳ። እጅጌውን እየሰበሰበ አልፏት ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ የመፍቻ ኳኳታ ተሰማ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ተፈቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ። «መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችው ከውስጥ ሆና።

«ምን ቀረው!» አለ ከመኪናዋ ሥር። «ጥቂት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። ወንበሩን ሁለት ጊዜ ለክታው ነበር፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ጨርቁን መርፌው ሥር አስገባችና ስፌቷን ቀጠለች።